አንድ ስህተት፣ ሦስት ማስተካከያ

ባለፈው ቅዳሜ ሰሜን ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ አራት ጓደኛሞች ቡና ልንጠጣ ተገናኘን። ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሳ የመስከረም 2016 ነገር ተነሳ። ሦስታችን የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳይ አፕ ሠርተናል። ያን ጊዜ ሦስታችንም አንድ ዓይነት ስህተት ገጥሞን፣ ለየብቻችን ጠግነን፣ ለማንም ሳንናገር አልፈነዋል። አራተኛው ሳቀብን። እውነቱን ነው።

ስህተቱ ቀላል ነበር። እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብለን ኮዱ ውስጥ ጽፈናል። 2015 ግን ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፤ አዲሱ ዓመትም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ገባ። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ አፖቻችን በአንድ ቀን ተሳሳቱ። ያን ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 መከበሩን ያስታወሰ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዩኒኮድ ኮንሶርቲየም በሚያስተዳድረው አይሲዩ በተባለው የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ ካሌንደር ስሌት አለ፤ አንድሮይድም ይጠቀምበታል። የወራትና የቀናት ስሞች ደግሞ ሲኤልዲአር ከተባለው የጋራ መዝገብ ይመጣሉ። እዚያ የተስተካከለ አንድ ፊደል ብዙ ስልክ ይደርሳል። እኔ አፕ ውስጥ የተስተካከለው ግን እኔ ዘንድ ይቀራል።

«ምንጩ ጋ መላክ ጊዜ ይፈጃል፤ አማርኛ የሚያውቅ ገምጋሚም አይገኝም» የሚል አለ። ልክ ነው፤ ተጠቃሚው እስኪሰለች አይጠበቅም። ለጊዜው በራስህ አፕ ጠግን፤ ግን እዚያ አትቁም። በ2006 ዴቢያን ውስጥ ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ለብቻ የተደረገ አንድ ለውጥ የምስጢር ቁልፎችን በቀላሉ የሚገመቱ አደረጋቸው፤ የታወቀው በሜይ 2008 ነው። ለብቻ የተያዘ ጥገና ሁለተኛ ዓይን አያየውም።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው። ስህተት ስታገኙ መጀመሪያ ሌላ ሰው አስመዝግቦት እንደሆነ ፈልጉ። ካልተመዘገበ የጠበቃችሁትን ቀንና የታየውን ቀን ጎን ለጎን ጽፋችሁ አስመዝግቡ። «እኔ ይዤዋለሁ» በሉ፤ ካልቻላችሁም «ለቅቄዋለሁ» ማለት አያሳፍርም። አንድ ጥገና አንድ ስህተት ብቻ ይንካ፤ ስህተቱ ተመልሶ ቢመጣ የሚይዘው ቴስትም አብሮት ይሂድ። አማርኛ ለማያውቀው ገምጋሚ ከሁሉ የሚረዳው ይህ ቴስት ነው።

ፈተናው ሩቅ አይደለም። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን እንደገና 6 ትሆናለች፣ እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይውላል። እኛ ሦስታችን ቡናው ሳያልቅ የየራሳችንን ስሌት ጥለን በአንድ ላይብረሪ ለመጠቀም፣ ቴስቶቻችንንም አንድ ላይ ለማኖር ተስማምተናል። የእናንተ አፕ በዚያ ቀን ምን ያሳያል? የስልካችሁን ቀን ወደፊት አድርጉና ዛሬውኑ ሞክሩት።