በሬው ከመሸጡ በፊት ኮሌጁ ይመርመር

ለማኅበራችን አባላትና ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ቁጥር በየቤቱ ምክክር ይጀመራል። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ካልገባች ምን ትሁን ይባላል፤ ከጎረቤትም ከዘመድም የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ነርስነት ትማር፤ ነርስ ሥራ አያጣም»። ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፤ ማለትም የትኛው ኮሌጅ ትግባ የሚለው፤ በአቦል ተጀምሮ በቶና ያልቃል። በሬ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን፤ አስነድተን አረማመዱን እናያለን፤ ከማን ቤት እንደወጣ እንጠይቃለን። ለልጃችን ኮሌጅ ስንመርጥ ግን ሥዕሉን አይተን ገንዘብ እንከፍላለን። ኧረ ይህ ነገር ይታሰብበት ለማለት ይህችን ጽሑፍ በሰሌዳችን ላይ አውጥተናል።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማኅበራችን አባል ልጃቸውን ሌላ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ሊያስመዘግቡ፤ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። እኛም «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» ብለን ጻፍን፤ ማኅተም መታን። የኮሌጁንም ማስታወቂያ በዚሁ ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው እኛው ነን። ነጭ ጋውን የለበሱ ልጆች ሲስቁ የሚያሳይ ባለቀለም ወረቀት ነበር። ፈቃዱ የታለ? ልጆቹስ የት ሆስፒታል ይለማመዳሉ? ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

አባትየው አንድ በሬ ሸጡ፤ ገንዘቡ አልበቃ ሲል መሬታቸውን አከራዩ። ልጅቷ ሦስት ዓመት ተምራ ተመለሰች። ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ሁለት ጊዜ ተፈትና ወደቀች። ልጅቷ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ደብተሯን አይተነዋል፤ የመድኃኒቱን ስም በቃሏ ትወጣዋለች። እጇ ግን አልተፈታም። በሦስት ዓመት ውስጥ ሆስፒታል የገባችው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፤ ያውም ተማሪው ሁሉ አንድ በሽተኛ ከቦ እሷ ከኋላ አንገቷን እያሰገገች። «የደም ሥር ፈልጌ መርፌ ያስገባሁት በፕላስቲክ ክንድ ላይ ነው፤ እሱንም አንድ ቀን» አለችን። ዛሬ ሻይ ቤት ትሠራለች፤ ዐረብ አገር ለመሄድም ፓስፖርት አውጥታለች። አባትየው መንገድ ላይ ሲያገኙን ሰላምታ አይነሱንም፤ ዓይናቸውን ማየት ያቃተን እኛ ነን።

ከዚህ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ነርስነት በደብተር ተጀምሮ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚለመድ የእጅ ሙያ ነው። ስለሆነም ኮሌጅ ሲመረጥ ከሕንፃው፤ ከማስታወቂያውና ከከተማው ስም አስቀድሞ መታየት ያለበት ተማሪው የሚለማመድበት ሆስፒታል ነው ብለን እናምናለን።

ይህ እኛ የፈጠርነው ሐሳብ አይደለም። አገራችን ጎንደር ከብዙዎች ቀድማ ያወቀችው ነው። በ1945 ዓ.ም. ግድም በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፤ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። በዚያ ኮሌጅ የጤና መኮንኑ፤ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ጠባቂው ለየብቻ ቁጭ ብለው ተምረው ብቻ አልወጡም። በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየወረዱ፤ ከሕዝቡ ጋር እየዋሉ ይለማመዱ ነበር። ይህ የቡድን ሥልጠና በዩኒቨርሲቲው እስከ ዘመናችን ዘልቋል። የንጉሥ ልጅ የነበሩት ልዕልት ፀሐይ እንኳ በስደቱ ዘመን ለንደን ከተማ ነርስነት የተማሩት በሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ እያስታመሙ ነው። የንጉሥ ልጅ ያላመለጠችው ልምምድ ለገበሬ ልጅ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ዛሬ ማስታወቂያው ለምን በዛ? ነገሩ ግልጽ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለውም ፈተና 3.2 ሆኑ። አንዳንዶቹ በማካካሻ ትምህርት ዕድል አግኝተዋል። የቀረው ግን ቤቱ ተቀምጧል፤ ወላጁም ጨንቆታል። የጨነቀው ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም። ይህን አውቆ የሚሠራ ጥሩ ኮሌጅ አለ፤ ይህን አውቆ የሚነግድም አለ። የግል ኮሌጅ ሁሉ መጥፎ ነው አላልንም፤ ከግል ኮሌጅ ወጥተው በሙያቸው የተመሰገኑ ነርሶች አሉ። የምንለው ልዩነቱን የሚያሳየው ጥያቄ ብቻ ነው ነው።

ስለዚህ ማንም ወላጅ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሚከተሉትን አራት ነገሮች ይጠይቅ።

አንደኛ፤ ፈቃዱ ይታይ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው ማለት ነርሲንግ ለማስተማር ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርቱ ዓይነት፤ ለደረጃውና ለሚማሩበት ቦታ ነው። ዋናው ግቢ የተፈቀደለት ሆኖ ቅርንጫፉ ያልተፈቀደለት ሊሆን ይችላል። ጊዜው ያለፈበትም ይኖራል። የዲፕሎማው ወይም የደረጃ 4 ከሆነ ከሥራና ሥልጠና ቢሮ፤ ዲግሪ ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጣራ። «ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» ከተባሉ ሂደቱ ሲያልቅ እንመለሳለን ብለው ይውጡ።

ሁለተኛ፤ የልምምዱ ቦታ ይታወቅ። ከየትኛው ሆስፒታል ጋር የጽሑፍ ውል አለ? በየዓመቱ ስንት ሳምንት? ለስንት ተማሪ ስንት አሠልጣኝ? በማዋለጃ፤ በሕፃናት፤ በድንገተኛ ክፍል ሁሉ ይዞራሉ ወይ? ከሁሉ የሚሻለው ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ከበር ውጭ ጠብቆ መጠየቅ ነው። የቢሮው ሰው የማይነግረውን ተማሪው ይነግራል።

ሦስተኛ፤ የብቃት ምዘና ውጤት ይጠየቅ። ዓምና ስንት ልጅ አስፈተናችሁ፤ ስንቱ አለፈ? ይበል። ምዘናውን ያላለፈ ልጅ የሙያ ፈቃድ አያገኝም፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ መቀጠር የለም። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷል።

አራተኛ፤ ጠቅላላ ወጪው ይደመር። ወርኃዊ ክፍያው ትንሽ ሊመስል ይችላል። የቤት ኪራይ፤ ቀለብ፤ ጋውንና የልምምድ ዕቃ፤ መጓጓዣና የምዘና ክፍያ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነው። የሦስት ዓመቱ ባንድ ወረቀት ተጽፎ ይደመር። እኛ ራሳችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍን ነን፤ መደመር ግን አይከብደንም። የከበደው ይምጣ፤ አብረን እንደምራለን።

አንዳንድ ልጆቻችን ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የመንግሥቱን የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሲሰሙ «ጠዳማ ገጠር ነው፤ ትልቅ ከተማ ይሻለኛል» ይላሉ። ይህን አንደግፍም። ቦታው የተወሰነ ነው፤ የመግቢያው ነጥብም በየዓመቱ ይለያያል። ቢሆንም ነጥቡ የሚያደርሳት ልጅ መጀመሪያ የመንግሥቱን ትሞክር፤ እዚያም ቢሆን እነዚሁ ጥያቄዎች ይጠየቁ። ደግሞም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ጊዜ ልጁ ሩቅ አገር የቀረበት ወላጅ ያየውን ጭንቅ ሁላችንም እናውቃለን። ቅርበትም አንድ መመዘኛ ነው።

ወንዶች ልጆችም አይርሱ። ነርስነት የሴት ሥራ ብቻ ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አናውቅም፤ እዚሁ አምባ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ገብቶ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። እንዲያውም ልጁ ከመመዝገቡ በፊት እዚያ የሚሠሩትን ነርሶች ሄዶ ይጠይቅ፤ የሌሊት ተራውን፤ ደሙን፤ የሚሞተውን በሽተኛ ይንገሩት። ሰምቶ ልቡ ካልሸሸ ይግባበት።

ማኅበራችንም ከእንግዲህ እንዲህ ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን። የፈቃዱን ቅጂ ያላቀረበ ማንኛውም ኮሌጅ ማስታወቂያ በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። በየዓመቱ ከምዝገባ በፊት ሦስት ሰዎች ተመርጠው፤ አንዱ ከወላጅ፤ አንዱ ከወጣት፤ አንዱ ከጽሕፈት ቤቱ፤ ልጆቻችን ወደሚሄዱባቸው ኮሌጆች ሄደው አራቱን ጥያቄዎች ጠይቀው ይምጡ፤ መልሱም እዚሁ ይለጠፍ። አንድ አባት ብቻውን ሲጠይቅ ያፍራል፤ ያጣድፉታል። ሰፈር ሲጠይቅ ግን ይከበራል። ሐሳቡ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል፤ የሚቃወምም ካለ መጥቶ ይናገር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ አንዴ አፍስሰናል፤ ያች ልጅም እየለቀመች ነው። እሷን በሚመለከት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ለምዘና እንድትቀርብ የልምምድ ቦታ የሚፈልግላትና የምዘናውን ክፍያ የሚያግዝ አባል ቢኖር ጽሕፈት ቤታችን በሩ ክፍት ነው። ዕዳው ያባትየው ብቻ አይደለም፤ ማኅተሙ የኛ ነበር።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
አምባ ጊዮርጊስ