ርእሰ አንቀጽ፦ ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ፎቶግራፍ

እንደሚታወቀው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሰፈራችን አንድ ሁለት ክፍል አሰናድተው ለእንግዳ በአዳር የሚያከራዩ አባሎቻችን በዝተዋል። ለጡረተኛውም ልጅ ለሚያስተምረውም ደኅና መደጎሚያ ሆኗልና ደስ ይለናል። ዳሩ ግን ቤቱን ለማሳየት በስልክ የሚለቀቀው ፎቶግራፍ ነገር አሳስቦናል።

በ2017 ዓ.ም. ለጥምቀት ከውጭ አገር የመጡ እንግዶች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናታቸውን ይዘው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደረሱ። በፎቶው ያዩት አልጋውንና መጋረጃውን ነው። ቤቱ 3ኛ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ሊፍትም እንደሌለው የነገራቸው የለም። ተጠርተን ስንደርስ እናትየው ደረጃው ሥር ሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጆቹ ገንዘባችን ይመለስ ይላሉ፣ አከራይዋ ያለቅሳሉ። «አልዋሸሁም እኮ፤ ደረጃውን አላነሣሁትም እንጂ» አሉን። ቤታቸው ንጹሕ ለመሆኑ እኛው ምስክር ነን። ምን ዋጋ አለው፣ ገንዘቡ ተመለሰ፤ እንግዶቹም በዚያ ሌሊት ሌላ ማደሪያ ፍለጋ ሄዱ።

ስለሆነም ደረጃው፣ መግቢያውና መንገዱ ይነሡ። ደረጃ የማይከብደው ስንት ወጣት እንግዳ አለ! አይቶ፣ ወዶ ይመጣል።

ሌላው፣ የስልኩ ካሜራ 0.5 የሚለው ጠባቡን ክፍል አዳራሽ ያስመስለዋል። 1 ላይ አድርጎ፣ ጥግ ቆሞ፣ ስልኩን በደረት ቁመት ቀጥ አድርጎ መያዝ ይበቃል፤ ካልበቃም ሁለት ጊዜ ማንሣት ነው። መጋረጃው ይከፈት፣ መስኮቱ ከጀርባ ይሁን፤ ከፊት ከሆነ ክፍሉ ይጨልማል። የካሜራውንም መስተዋት በጨርቅ ጠረግ ማድረግ አይረሳ፤ ከወጥ ቤት በወጣ እጅ ተይዞ ጉም የመሰለ ፎቶ ብዙ አይተናል። ክረምት ያረጠበውን ኮርኒስ በስልክ ማሳመሪያ ከማንጣት ቀለም ማስቀባት ይሻላል። ፊት ለፊቱ ፎቅ የተሠራበት በረንዳም የድሮ ፎቶው ይነሣለት።

ሻወሩን ማንሣት የሚያፍሩ አሉ። ኧረ እንግዳው አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነው! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶውን ማሳየት ጠረጴዛ ላይ ካለው የፕላስቲክ አበባ ይበልጣል።

አከራይዋ ዛሬ ደረጃውን ሁለተኛ ፎቶ አድርገው «3ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም» ብለው ጽፈውበታል፤ እንግዳም አላጡም።

ማንሣት የሚቸግረው አባል ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ ይበል፤ አብረን ሄደን እናነሣለን። ክፍሉ ግን ቀድሞ ይጠረግ።