ጠርቷል ብላችሁ አትመኑት

ወንድሞቼ፣ በሌጦና በኬሚካል መካከል አብረን ሸብተናል። ዛሬ ልጆቹ «ጋሼ፣ ይሄን ስንት ልጨምር?» እያሉ የሚጠይቁት እኛን ነው። የምንመልሰው ቃል ወንዝ ድረስ እንደሚወርድ እንወቅ።

የበግ ሌጦ ስብ ይበዛበታል፤ ስቡ ካልወጣ ቀለም እኩል አይዝም። ስቡን የምናስለቅቅበት ኖን-አዮኒክ ማጠቢያ ቻርጅ የለውም። አንዱ ጫፉ ስብ፣ ረጅሙ ጭራው ውሃ ይይዛል። ቻርጅ ስለሌለው እንደ ሳሙና ከካልሲየም ጋር አይቋጠርም፤ አረፋውም ብዙ ጊዜ ያንሳል። ያታለለን ይሄ ነው። ድራሙ ሥር ቆሜ ፍሳሹን እያየሁ፣ «አረፋ የለው፣ ምን ያመጣል!» ብዬ ከመጠኑ በላይ ያስጨመርኩበትን ቀን አልረሳውም።

በርሜሉ ላይ «ኤንፒ 9» የሚል ካያችሁ ቁሙ። ኖኒልፌኖል ላይ በአማካይ 9 ኢቲሊን ኦክሳይድ የተቀጠለበት ነው። ማጣሪያ ሲገባ ባክቴሪያው ጭራውን ይበላና ኖኒልፌኖሉን ይተወዋል። የተረፈው ከዝቃጩ ጋር ይተኛል፣ ቶሎ አይፈርስም፣ ለዓሣም ከወጣበት ኬሚካል የባሰ መርዝ ነው። ስለዚህ «ማጣሪያ አለን» ብሎ መተኛት አይቻልም።

ወሬ አይምሰላችሁ። በ1991 ቦስተን ላይ ተመራማሪዎቹ አና ሶቶና ካርሎስ ሶነንሻይን፣ ከላቦራቶሪ ፕላስቲክ ቱቦ የወጣ ኖኒልፌኖል እንደ ሴት ሆርሞን ሆኖ የጡት ካንሰር ሴሎችን ሲያባዛ አገኙ። በእንግሊዝ አገር፣ ይህንኑ ኬሚካል የተሸከመ የሱፍ ማጠቢያዎች ፍሳሽ ይገባበት በነበረው ኤር ወንዝ፣ የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን በወንድ ዓሦች ደም ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2005 ጀምሮ ፍሳሹ ወደ ውሃ በሚለቀቅበት የጨርቅና የቆዳ ሥራ ላይ የዚህን ኬሚካል መጠን በ0.1 በመቶ ገደበው።

የእኛው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ምን አደረገ? ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ለቢልሃርዝያ መላ የተገኘው፣ አንድ ሰው ከልብሱ ንጣት ዓይኑን አንሥቶ የውሃውን መውረጃ ስላየ ነው።

እኛስ ስንት ዓመት ሌጦውን ብቻ አየን? በኤንፒ 9 ምትክ ቶሎ የሚፈርሰው የፋቲ አልኮል ኢቶክሲሌት አለ፤ ዋጋው ቢወደድ እንኳ እሱን እንጠይቅ። ልጁ «ስንት ልጨምር?» ሲል ከመመለሳችን በፊት «መጀመሪያ በርሜሉን አሳየኝ» እንበለው።