ልጅዎ የፍሊፐሩን ራስጌ ሊከፍት ሲነሣ

አንዲት የዚህ ዓምድ አንባቢ እናት የላኩልኝን ጥያቄ ባጭሩ ላስቀምጠው። ከሠራዊት የተመለሰው ልጃቸው አንድ ያረጀ ፍሊፐር በርካሽ ገዝቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተሸክሞ አምጥቶ ሳሎኑ ጥግ ላይ ገተረው። የማሽኑ የራስጌ መብራት ግማሹ ጠፍቷል፤ ልጁም «ከፍቼ ሁሉንም በአዲስ ልቀይረው» ይላል። እናት የሚያስጨንቃቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ኤሌክትሪኩ። ሁለተኛው ደግሞ «ይኼ የቁማር ዕቃ አይደለም ወይ? ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል ነው።

እትዬ፣ ሁለተኛውን አስቀድሜ ልመልስልዎ፤ ቶሎ ያልቃልና። ጨዋታው ያደገው በአሜሪካ፣ በተለይም በቺካጎ ከተማ ነው። ጎትሊብ የሚባለው ፋብሪካ በ1931 «ባፍል ቦል»ን ሲያወጣ ኳሱን የሚመልሱት ክንፎች ገና አልነበሩም። ኳሱን ትለቀዋለህ፣ ይወርዳል፣ ቀዳዳ ካገኘ አገኘ። ዕድል ብቻ ስለነበረ ሰው ገንዘብ ይወራረድበት ጀመር፤ የኒውዮርኩ ከንቲባ ላ ጋርዲያም በ1942 አስከለከሉትና ማሽኖቹ በመዶሻ ተፈለጡ። ክልከላው የተነሣው በ1976 ነው። በመካከሉ ግን፣ በ1947፣ ያው ጎትሊብ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በሚባለው ማሽን ላይ በቁልፍ የሚታዘዙ ክንፎችን አስገባ፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋታው የእጅና የዓይን ሆነ። እዚህ አገር ማሽኑን በሙሉ «ፍሊፐር» የምንለውም በእነዚሁ ክንፎች ስም ነው። በዚህ በኩል አይጨነቁ።

በኤሌክትሪኩ በኩል ግን ተገቢ ጭንቀት ነው። መጀመሪያ ልጁ ሊነካ ያሰበውን ነገር እንወቀው።

ፍሊፐር በአራት እግር የቆመ፣ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ጠረጴዛ ነው፤ 80 ግራም ያህል የምትመዝን የብረት ኳስ ትሮጥበታለች። በራስጌው በኩል ቀጥ ብሎ የቆመ ሳጥን አለ። ፊቱ መስታወት ነው፤ መስታወቱ ላይ ትልቅ ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ጀርባ በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ አምፖሎች በእንጨት ወይም በቆርቆሮ ላይ ተደርድረዋል። ማሽኑ በጨለመ ቡና ቤት ውስጥ ሲቆም መንገደኛውን የሚጠራው ይኼ ሥዕል ነው። የሳንቲሙ ወጥመድ እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

በቀደሙት ማሽኖች ሥዕሉ በመስታወቱ ጀርባ ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ እየተደራረበ የታተመ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በወጡት ብዙዎቹ ላይ ግን ሥዕሉ በስስ ፕላስቲክ ላይ ታትሞ ከባዶ መስታወት ኋላ ይቀመጣል። ልጅዎ መጀመሪያ የትኛው እንዳለው ይለይ፤ በመስታወት ላይ የታተመው እጅግ ስስ ነው። አምፖሎቹ ይሞቃሉ፣ ሲጠፉ ይቀዘቅዛሉ፤ ቀለሙ በሙቀቱ ይለጠጣል፣ በቅዝቃዜው ይኮማተራል፤ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቀ ምርጊት እየተፈረፈረ ይረግፋል። አምፖል በሳንቲም ይገዛል። የረገፈ ሥዕል ግን ለአንዳንዱ ሞዴል ብቻ ነው አዲስ ቅጂ የሚገኝለት፤ ሲገኝም ውድ ነው። እንግዲህ እኔ ልጁ መብራቱን ይቀይር የምለው እንዲደምቅ ብዬ አይደለም፤ ሥዕሉ እንዲተርፍ ብዬ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። (ማባዛት ለምን ይጠቅማል ለሚሉኝ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ስሌት እሰጣቸዋለሁ።) በነዚህ ማሽኖች የተለመደው አሮጌ አምፖል ቁጥሩ 44 ነው፤ በ6.3 ቮልት ሩብ አምፔር ይበላል። ራስጌው ውስጥ 40 አምፖል ቢኖር 10 አምፔር፣ ማለትም 63 ዋት ይሆናል፤ አብዛኛውም ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ነው። ቁጥር 47 የሚባለው ወንድሙ 0.15 አምፔር ብቻ ስለሚወስድ፣ 40ው ተደምሮ 6 አምፔር ነው። ኤልኢዲ ከሆነ ግን ሁሉም በአንድ ላይ አንድ አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፤ ሳጥኑም ቀዝቃዛ ሆኖ ይውላል። ጥቅሙ ለሥዕሉ ብቻ አይደለም። ያ 10 አምፔር በቀጫጭን ማያያዣዎች ውስጥ ሲያልፍ ኖሮ ነጩን ፕላስቲክ ቡናማ፣ አልፎም ጥቁር አድርጎት ይሆናል። የተቃጠለ ማያያዣ ከተገኘ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። አምፖል ብቻ ቀይሮ እሱን መተው እሳትን ጓዳ አስተኝቶ እንግዳ እንደ መቀበል ነው።

አሁን ወደ አደጋው። አምፖሎቹ ራሳቸው 6 ቮልት ናቸው፣ ሰው አይገድሉም። የሚገድለው ከግድግዳው የሚገባው 230 ቮልት ነው፤ እሱም ወደ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል። ትራንስፎርመሩ በአንዳንዱ ማሽን ሆዱ ውስጥ፣ በአንዳንዱ እዚያው ራስጌው ውስጥ ከአምፖሎቹ ኋላ ተቀምጧል። ስለዚህ በማሽኑ ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም፤ ከማብሪያው በፊት ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንዳለው ነው። ሶኬቱ ከግድግዳው ይነቀል፣ የተነቀለውም ጫፍ ማሽኑ ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ነጥብ በብርቱካናማ መብራት የሚያሳዩት አሮጌ ቁጥሮች ከ100 ቮልት በላይ ይጠቀማሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎችም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ጥቂት ይይዛሉ። ልጁ የአምፖል ሥራ ነው የያዘው፤ ሌሎቹን ሰሌዳዎች በእጁ አይንካ።

ሁለት ነገር ግን ለሐሽማላይ ይተው። አንዱ፣ ማሽኑ በቀጥታ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ለ120 ቮልት የተሰናዳ ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎቹ ትራንስፎርመር ላይ ሽቦ አዛውሮ ወደኛው 230 መመለስ ይቻላል፣ ግን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ሁለተኛው የሶኬቱ ሦስተኛ እግር፣ ማለትም የመሬት መስመሩ ነው። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ተቆርጦ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። እሱ ሳይኖር ብረቱ ኤሌክትሪክ ቢይዝ የሚያገኘው በቁልፉ ላይ ያለውን እጅ ነው። በቤታችን ሳጥን ውስጥ ያለው ፓሐትም መሥራቱ በመሞከሪያው ቁልፍ ይታይ።

መስታወቱን ማውጣት ላይ ደግሞ እትዬ፣ እርስዎ ያስፈልጋሉ። ለብቻ የሚሠራ አይደለም። የራስጌው ቁልፍ ብዙ ጊዜ በሳንቲም መክፈቻው በር ውስጥ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል። ከተከፈተ በኋላ መስታወቱ ወደ ላይ ከፍ ይደረግና ታችኛው ጠርዝ ወደ ፊት ይወጣል። ሁለት ሰው በአራት እጅ ይያዘው፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ይቁም፣ ሥዕል ያለበት ጀርባው ምንም ነገር አይንካ። ከእናቶቻችን መካከል ሸክላ የሠሩ አሉ፤ የሚሰነጠቅ ነገር እንዴት እንደሚያዝ ከልጆቻቸው የበለጠ ያውቃሉ። አንድ ነገር አደራ፦ ቤት የማጽዳት ልማዳችን ይዞን የመስታወቱን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ እንዳንጠርገው። የላላው ቀለም ከጨርቁ ጋር ነው የሚመጣው። ፊቱ ብቻ ይጠረግ።

አምፖሎቹ ሲወጡ ወጣቱ አስቀድሞ በስልኩ ፎቶ ያንሣ። 44 እና 47 ተጭነው ዞር ሲሉ ይወጣሉ፤ 555 የሚባለው ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሳባል። በጨርቅ ይያዙ፤ አሮጌ አምፖል ጣት ውስጥ ይሰበራል። አምፖሉ የሚገባበት መያዣ፣ «ቤት ኑራ» የሚሉት፣ ዝጎ ከሆነ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ይደረግ። ብዙ ጊዜ የሞተው አምፖሉ አይደለም፤ መያዣው ነው።

አዲስ ሲገዛ ልጁ በጣም ነጩን እንዳይመርጥ ይንገሩት። ሠዓሊው ቀለሙን የመረጠው ከኋላ ቢጫማ ብርሃን እንደሚመጣ አውቆ ነው። በረዶ የመሰለ ነጭ ሲበራበት ቀዩ ይቀዘቅዛል፣ የሰዎቹ ፊት አስከሬን ይመስላል። ሞቅ ያለ ነጭ የሚባለው፣ መስታወቱም ጭጋግማ የሆነው ይሻላል፤ ጥርት ያለው ከሥዕሉ ኋላ እንደ ነጥብ ይታያል። ሌላም ነገር አለ፦ ርካሹ ኤልኢዲ በዚህ አገር መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚጠፋና ስለሚበራ ዓይን ያንቀጠቅጣል። መጀመሪያ አራት አምስት ብቻ ገዝቶ መሞከር ነው። ጨርሶ የማይበራ ካለ ነቅሎ አዙሮ መክተት፤ አንዳንዱ ኤልኢዲ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ከአሮጌዎቹ መካከል ቁጥር 455 የተጻፈበት ካገኘ አይጣለው። እሱ በራሱ ብልጭ ድርግም የሚል ነው፤ ውስጡ ያለች ስስ ብረት ስትሞቅ ታጠፍና መስመሩን ትቆርጣለች፣ ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ! ሥዕሉ ላይ የሚጠቅሰው ኮከብ ወይም የሚነደው እሳት የእሱ ሥራ ነው። እኔ ብሆን ቦታው ላይ እተወዋለሁ፤ አንድ ሁለት አምፖል ሥዕሉን አይጎዳም።

ማሽኑ ዳታ ኢስት፣ ሴጋ ወይም ስተርን የሠሩት ከሆነ፣ ከሥዕሉ ኋላ በትንንሽ አምፖሎች ፈንታ አንድ ረጅም የፍሎረሰንት ዘንግ ሊኖር ይችላል። እዚያ ላይ ምክሬ ይለያል፤ ዘንጉ በ6 ቮልት አይደለም የሚሠራው፣ ወደ ኤልኢዲ ዘንግ ሲለወጥም ሽቦ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ሐሽማላይ ይጠራ። አሮጌው ዘንግ ሜርኩሪ ስላለበት አይሰበር፣ ወደ ቤት ቆሻሻም አይጣል።

ፊውዝ ከተቃጠለ በማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ይግባ። በብር ወረቀት የተጠቀለለ ፊውዝ ካያችሁ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ቤቱን ለእሳት አስይዞ ይጫወት ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ሲያበቃ መስታወቱን መልሳችሁ፣ ሶኬቱን ሰክታችሁ፣ የሳሎኑን መብራት አጥፉና በሩ አጠገብ ቆማችሁ ተመልከቱት። አንዱ ጥግ ከሌላው በልጦ የሚያንጸባርቅ ከሆነ፣ ልጁ ሶኬቱን መልሶ ይንቀልና እዚያ ጋ ያለውን አምፖል በደብዘዝ ያለ ይቀይረው።