ሰኮናን በማጭድ እስከ መቼ?

በግ ስለማድለብ ሲነገር መኖና ክትባት ይነሳሉ፤ ሰኮና ግን ይረሳል። በቤት ታስሮ የሚደልብ በግ ድንጋይ ስለማይረግጥ ሰኮናው ያድጋል፤ ይታጠፋል፤ ጭቃና በጠጥ ይይዛል። ያነከሰ በግ ደግሞ በደንብ አይመገብም፤ ይከሳል።

በእጅ የተገኘ ማጭድ ወይም ቢላዋ እያንሸራተተ በጉንም ሰውንም ያቆስላል። የሚሻለው ስለታም የሰኮና መቀስ ነው። ሰኮናው በእርጥበት ሲለሰልስ በጥቂት በጥቂቱ ይከርከም፤ ሮዝ ቀለም ሲታይ መቆም ያስፈልጋል፤ ካለፈ ይደማል። ሰኮና የሚያበሰብሰው በሽታ እንዳይተላለፍም መቀሱ ከበግ በግ በበረኪና ይጽዳ።

መቀሱ ለአንድ አርሶ አደር ቢከብድ እንኳ ለልማት ቡድን አይከብድም። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከመኖ ምክራቸው ጋር አንድ መቀስና የአንድ ቀን ሥልጠና ይጨምሩ። ያኔ ለበዓል ገበያ የሚወጣው በግ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል።