ያልተፈታ ቃል አያበራም

እናንተ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስን የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ብርሃን የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ ደብተራችሁ በባዕድ ሙያዊ ቃላትና በአሕጽሮተ ቃላት ይሞላል። ሌንስ፣ ዳዮፕተር፣ ሌዘር፣ ኤል.ኢ.ዲ. የሚሉት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቻችሁም በቃላችሁ አጥንታችሁ ለፈተና ትቀርባላችሁ። የእኔ አስተያየት ግን እንዲህ ነው፦ ማንኛውም ሙያዊ ቃል ወይም አሕጽሮተ ቃል በገዛ ቋንቋችን ተፈትቶ ካልገባን በቀር አወቅነው ልንል አይገባም። ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ያልተፈታ ቃል ችግር ላይ ይጥላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሉማሜ የሚማር አንድ ልጅ አለ እንበል። ይህ ልጅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አንብብ ሲባል ይደናገራል፤ መጽሐፍ ሲሰጠው ግን አሳምሮ ያነባል። ጓደኞቹ ሰነፍ ይሉታል። አባቱ ደብረ ማርቆስ ወስደው ዓይኑን ያስመረምሩታል፤ ለመነጽር መግዣም አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። በወረቀቷ ላይ ያለው ጽሑፍ «ኦ.ዲ. −2.00፣ ኦ.ኤስ. −1.50» የሚል ነው። አባት «ልጄ፣ የተማርኸው አንተ ነህና ምን እንደሚል እስቲ ንገረኝ» ቢሉት፣ ልጁ ፊደሎቹን ከመጥራት በቀር የሚመልሰው የለውም።

አሁን ጽሑፉን እንፍታው። ኦ.ዲ. እና ኦ.ኤስ. ከላቲን ቋንቋ የመጡ አሕጽሮተ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው «ቀኝ ዓይን»፣ ሁለተኛው «ግራ ዓይን» ማለት ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ቢነበብ የቀኙ ሌንስ በግራ፣ የግራው በቀኝ ይገጠማል። ቁጥሮቹ የሌንሱን ኃይል በዳዮፕተር ይገልጻሉ። ዳዮፕተር የሚገኘውም 1 በሜትር ለተለካው የሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል ነው። ስለዚህ ኃይሉ 2 ዳዮፕተር የሆነ ሌንስ የትኩረት ርቀቱ ግማሽ ሜትር፣ ማለትም 50 ሳ.ሜ. ይሆናል። የመቀነስ ምልክቱ ደግሞ ሌንሱ ብርሃንን የሚበትን እንጂ የሚሰበስብ አለመሆኑን ያመለክታል። እንዲህ ያለ ሌንስ የሚታዘዘው የቅርቡ እየታየው የሩቁ ለሚደበዝዝበት ሰው ነው።

እንግዲህ ያ ልጅ በቀኝ ዓይኑ ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 50 ሳ.ሜ. ድረስ ያለውን ያህል ነው። መጽሐፉ ከዚህ ርቀት ውስጥ ይገኛል፤ ሰሌዳው ግን ከዚህ አልፎ እጅግ ይርቃል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ይህንንም ለአባቱና ለጓደኞቹ ለማስረዳት የሚያስፈልገው ዕውቀት በዚያች ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን የሚፈታ አልተገኘም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ባዕድ ቃል በፊደላችን ሲጻፍ ትርጉሙን የሚጠቁመው ምልክት ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ «ሌዘር» ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ ከአምስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተሠራ ሲሆን፣ ፍቺው «ተቀስቅሶ በሚለቀቅ ጨረር አማካይነት ብርሃንን ማጉላት» እንደ ማለት ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጎርደን ጉልድ ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1957 በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈው። መሣሪያውን ግን እ.ኤ.አ. በ1960 በመጀመሪያ ሠርቶ ያሳየው ቴዎዶር ሜይማን ነው። ቃሉ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሦስት ሆሄያት ብቻ ይሆናል፤ አምስቱን ቃላት የሚያስታውስ ነገር አይቀርም። ከዚህም በላይ በገበያ «ሌዘር ጃኬት» ሲባል ከምንሰማው፣ ቆዳ ማለት ከሆነው ሌላ ባዕድ ቃል ጋር በአጻጻፍ አንድ ይሆናል። ፍቺውን የተረዳ ተማሪ ግን ሌዘር ተጠናክሮ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ብርሃን መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ልጆች የሚጫወቱበትን ትንሽ የሌዘር መብራት እንኳ ወደ ሰው ዓይን አያነጣጥርም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የአማርኛ አሕጽሮተ ቃል የራሱ ሥርዐት አለው። ት/ቤት ስንል የቃሉን መካከል ቆርጠን በእዝባር እናመለክታለን። ዓ.ም. ስንል ደግሞ የየቃሉን የመጀመሪያ ሆሄ ወስደን በነጥብ እንለያለን። አንባቢም «ትምህርት ቤት»፣ «ዓመተ ምሕረት» ብሎ ሳይቸገር ይዘረዝራቸዋል። ኤል.ኢ.ዲ. ግን የእንግሊዝኛ ፊደላት ስም እንጂ የአማርኛ ቃላት መነሻ አይደለም፤ ስለሆነም አማርኛ አንባቢ በራሱ ሊዘረዝረው አይችልም። በጽሑፋችሁ ውስጥ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ብርሃን አመንጪ ዳዮድ (ኤል.ኢ.ዲ.)» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ በአጭሩ ብትጽፉት አንባቢያችሁ አይደናገርም።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንዳንዶች «ባዕድ ቃል ሁሉ በአማርኛ ይተካ» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቋንቋችን የመፍጠር ችሎታ አለው። «መነጽር» የሚለው ቃል «አየ፣ ተመለከተ» ከሚለው «ነጸረ» ከተባለ የግእዝ ግሥ የወጣ በመሆኑ ሥራውን በስሙ ይናገራል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለኅትመት በቅቷል። ይሁን እንጂ ሌዘርን በጠራን ቁጥር ያንን ሁሉ ረጅም ፍቺ ልንደረድር አንችልም። ሬድዮንና ካሜራን ተቀብለን እንደተገለገልንባቸው ሁሉ ሌዘርንም ብንቀበለው ቋንቋችን አይጎዳም። የሚጎዳን ሳይፈታ የተቀበልነው ቃል ነው።

ሌሎች ደግሞ «ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ መፍታት ጊዜ ማባከን ነው» ይላሉ። ይህ አስተያየት ትክክል አይመስለኝም። ፈተናው ሌንሱ የትኩረት ርቀቱ ስንት እንደሆነ ሲጠይቅ፣ የዳዮፕተርን ስም ብቻ የያዘ ተማሪ ስሌቱን ከየት ይጀምራል? ፍቺውን ያወቀ ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢጠየቅ ይመልሳል።

ነገሩ ለጎጃም ልጆች አዲስ ሊሆን አይገባም። በቢቸና በኩል ያለውን ዲማ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት ሰሙን ከወርቁ እንዲለዩ ነው። በቅኔ ቤት ቃሉን ደግሞ መጥራት ብቻውን አያስመሰግንም፤ ምስጢሩ ይጠየቃል። የሳይንስ ቃልም እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባዋል።

በጠቅላላው፣ ሙያዊ ቃል ሲያጋጥማችሁ ሦስት ነገሮችን እንድታደርጉ አሳስባችኋለሁ። አሕጽሮተ ቃል ከሆነ ሙሉ ቃላቱን ፈልጋችሁ ዘርዝሩት። ቀጥላችሁም በአማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ፍቱት። በመጨረሻም ፍቺውን ትምህርት ቤት ላልገባ አንድ ሰው፣ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ፣ አስረዱ። እነርሱ ከገባቸው ቃሉ በእርግጥ የእናንተ ሆኗል፤ ካልገባቸው ግን ወደ መጽሐፋችሁ ተመለሱ።