መጽሐፍን የሚጠብቅ ሙያ

ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ሙያ ሲመካከሩ ሐኪምነትን፤ መሐንዲስነትንና ዳኝነትን አስቀድመው ያነሣሉ። እኛም እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ስሙ እምብዛም የማይነሣ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም በቤተ መጻሕፍትና በቤተ መዘክር ያለውን ጽሑፍ፤ ሥዕልና ድምፅ በዲጂታል ቀድቶ መጠበቅ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ ይመስለዋል። ማንሣቱ በቶሎ ያልቃል፤ መጠበቁ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ብራና በደኅና ከተያዘ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል፤ የዲጂታል ቅጂ የሚቀመጥበት ዕቃ ግን በጥቂት ዓመታት ይበላሻል፤ ባይበላሽም የሚያነበው መኪና ከገበያ ይጠፋል። ስለዚህ ጠባቂው ቅጂውን በተለያየ ስፍራ ያኖራል፤ በየጊዜውም ወደ አዲስ ዕቃ ያሻግረዋል። ለእያንዳንዱም ቅጂ በስሌት የሚወጣ ቍጥር ይመዘግባል፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቍጥሩ ይለወጣልና ጕድለቱ ይታወቃል። ጸሐፊ የቀዳውን ከዋናው መጽሐፍ ጋር እንደሚያስተያይ ማለት ነው።

በአገራችን የዚህ ሥራ መሠረት የተጣለው በማይክሮፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ተቀዱ፤ ቅጂአቸውም በአሜሪካ፤ በሚኒሶታ፤ በኮሌጅቪል ይገኛል። ዋናው ጠፍቶ ቅጂው ብቻ የተረፈ መጽሐፍም አለ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ተመትተው ሽባ ከሆኑና ከአገር ከወጡ በኋላ፤ በዚያ ሆነው የእነዚያን መጻሕፍት ዝርዝር ብዙ ዓመት ጻፉ። ዝርዝሩ ባይጻፍ ፊልሙ ቍልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን በሆነ ነበር። በ1988ም የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን ሥራ ግዕዝ የማያውቅ ባለመኪና ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም፤ ቤተ ክህነት የተማረውን ልጅ ሥራ ፈት የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ።

በሐዋሳ ላሉ ወላጆች ነገሩ የሩቅ አይምሰላቸው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ ቀኑን ግን አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ይወስናሉ እንጂ ከብራና አያነቡትም። እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚቀዳው ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ነው፤ ቀጂውም ሲዳምኛ ሊያውቅ ይገባዋል።

ልጃቸውን ወደዚህ ሥራ ለመምራት የሚያስቡ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ይጠይቁ። ሀብት ያስገኛል ብለን አናታልልም። በቤት ሣጥን ያለውን የአያት ደብዳቤ ግን ልጁ ከዛሬ ጀምሮ፤ ማን ለማን በምን ዓመት እንደ ጻፈው እየመዘገበ፤ ሊለማመድበት ይችላል።